የቤት እንስሳት የዘር መዝገብና የእኛ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪምም የእርባታ ሊቅም አይደለሁም። ስለዚህ የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ቤት እንስሳት የዘር መረጃ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥቂት ማመንታቴ አልቀረም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል በውድቅት ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ላም ያዋለዱ፣ የበሬን ዕድሜ ጥርሱን ገልጠው የሚናገሩ፣ ቀንዱንና ሻኛውን ከሩቅ አይተው የመጣበትን አገር የሚለዩ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከብትን ያወቅሁት በኮምፒዩተር ውስጥ፣ በአራት ፊደላት ተጽፎ፣ በረድፍና በዓምድ ተደርድሮ ነው። ቢሆንም የእርባታ ምርምር ያለ መዝገብ አንድ እርምጃ የማይራመድበት ዘመን ላይ ስለ ደረስን፣ መዝገብ ጠባቂውም አንዳንድ ጊዜ ቢናገር አይከፋም ብዬ ቀርቤአለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማሳሰቢያ ለወጉ ያህል ያቀረብሁት አይደለም፤ ከንግግሬ ዋና ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑን ኋላ ታያላችሁ።

የከብት ሙሉ የዘር ጽሑፍ፣ ጂኖም የምንለው፣ ወደ 2.7 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። ነገሩን በዓይነ ሕሊናችን እንድንመለከተው አንድ ገጽ 3,000 ፊደል ይይዛል ብንል፣ የአንዲት ላም ጽሑፍ 900,000 ገጽ ይሆናል፤ ባለ 500 ገጽ መጽሐፍ አድርገን ብንጠርዘው 1,800 ጥራዝ ይወጣዋል። ይህን ያህል ጽሑፍ አንድ ተመራማሪ በመሳቢያው ሊያኖረው አይችልም፤ ቢያኖረውም ከሌላው ላም ጽሑፍ ጋር ካላስተያየው አይጠቅመውም። ከዚህም የተነሣ ሁሉም የሚያስገባበትና ሁሉም የሚያወጣበት የጋራ መዝገብ አስፈለገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዱ በአውሮፓ፣ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ፣ ሌላው በ1982 በአሜሪካ ጄንባንክ በሚል ስም ተቋቋሙ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጃፓንም በሚሺማ የራሷን አቋቋመች። እነዚህ ሦስቱ ዕለት ዕለት የገባላቸውን እየተለዋወጡ እንደ አንድ መዝገብ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ገቢ ቋሚ ቁጥር ይሰጡታል፤ ያ ቁጥር ከተሰጠ በኋላ በየትኛውም ዓለም ያለ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት ያንኑ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ያገኛል።

የቤት እንስሳት ወደዚህ መዝገብ የገቡት ቀስ በቀስ ነው። የዶሮ ጂኖም በ2004፣ የከብትና የፈረስ በ2009፣ የአሳማ በ2012፣ የፍየል በ2013፣ የበግ በ2014 ታትመው ወጡ። ለከብት የተመረጠችው በአሜሪካ በሞንታና ግዛት የተወለደች ዶሚኔት የምትባል የሄርፎርድ ላም ነበረች። ሥራው ከ25 አገሮች የተውጣጡ ከ300 በላይ ሳይንቲስቶችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ወደ 22,000 የሚጠጉ ጂኖች እንዳሏት ታወቀ። ይህችን ዶሚኔትን አትርሱብኝ፤ ተመልሼ አነሣታለሁ።

ከፊደሉ መዝገብ ሌላ ልዩ ልዩ ተግባር ያላቸው መዝገቦች አሉ። የትኛው ጂን በየትኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ የሚያሳይ አለ። በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ደግሞ የትኛው የጂኖም ክፍል ከወተት፣ ከሥጋ፣ ከዕድገት ወይም ከበሽታ መቋቋም ጋር እንደተያያዘ በዓለም ዙሪያ ከታተሙ ጥናቶች እየለቀመ ይመዘግባል። በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንክ ኒኮላስ የጀመሩት፣ ከ1995 ወዲህ በኢንተርኔት የሚገኘው መዝገብ የእንስሳትን የውርስ በሽታዎች ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ አገር ሰው የሚቀርበው ግን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1996 ጀምሮ ያቀረበው የዝርያዎች መዝገብ ነው። በዚህ ውስጥ ከ180 በላይ አገሮች ያስመዘገቧቸው ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ይገኛሉ። በዚሁ በአዲስ አበባም ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስለ አፍሪቃና ስለ እስያ ዝርያዎች የተጻፈውን ሁሉ እያሰባሰበ ዳግሪስ የተባለ መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር።

እንዲህ ያለው መዝገብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2002 በቤልጂግና በኒው ዚላንድ ያሉ ተመራማሪዎች በከብት 14ኛ ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ዲጋት-1 የተባለ ጂን በወተት ቅባት መጠን ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ እንዳለው አሳዩ። አንደኛው የጂኑ ዓይነት የወተቱን ቅባት ከፍ ያደርጋል፤ የወተቱን ብዛት ግን ይቀንሳል። ኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመር፣ ቅባት የሚያበዛው ዓይነት ሻኛ ባላቸው የዜቡ ከብቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ያለ አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ በአገር ከብት ላይ ለመመርመር ቢፈልግ፣ ጂኑ ያለበትን ቦታ፣ የሚለዋወጠውን ፊደል፣ ቀደም ሲል ከኢትዮጵያ ከብቶች የተነበበውንም ጽሑፍ ከወንበሩ ሳይነሣ ያገኛል። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ለዚሁ ብቻ ባሕር መሻገር ነበረበት። ስለዚህ በእነዚህ መዝገቦች ላይ የማቀርበው ወቀሳ ጥቅማቸውን ካለማወቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ዶሚኔት ልመለስ። አንድ ናሙና በመሣሪያ ሲነበብ 2.7 ቢሊዮኑ ፊደል በአንድ ረድፍ ተሰልፎ አይወጣም፤ ተበጣጥሶ፣ እንደተቀደደ ደብዳቤ ይወጣል። ቁርጥራጩን ለመገጣጠም አንድ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፤ ማመሳከሪያውም ዶሚኔት ናት። በ2018 የወጣው የተሻሻለው ማመሳከሪያ የተሠራው ከዚያችው ላም ነው። እንግዲህ የሸኮም ሆነ የፎገራ ከብት በመዝገብ ሲገባ የሚጻፈው «እዚህ ቦታ ላይ ከሞንታናዋ ላም በዚህ ፊደል ይለያል» እየተባለ ነው። ከእርሷ ጋር የማይመሳሰለው፣ እርሷ ጭራሽ የሌላት ቁራጭ ግን «የማይገጥም» ተብሎ ወደ ጎን ይጣላል። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ንዳማና አንኮሌ የተባሉትን ሁለት የአፍሪቃ ዝርያዎች ከሌሎች ጋር ጨምሮ አዲስ የጋራ ማመሳከሪያ ሲሠራ፣ በሄርፎርዷ ማመሳከሪያ ውስጥ የሌለ 116 ሚሊዮን ያህል ፊደል አግኝቷል፤ ይኸውም የጠቅላላውን 4 በመቶ ያህል ነው። ገንዲን የሚቋቋመው ወይም ድርቅን የሚችለው የዘር ክፍል ከዚያ ውስጥ ቢሆን፣ በአሮጌው መንገድ ስንፈልገው ብንኖር አናገኘውም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ችግር ርካሽ ናቸው ተብለው በብዛት በሚሠራባቸው የጂን መመርመሪያ ሰሌዳዎች ላይም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በእጅጉ የተሠራበት 50 ሺህ ያህል ነጥቦች የሚያነበው ሰሌዳ ነጥቦቹ የተመረጡት በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያዎች ነው። በአውሮፓ ከብቶች የሚለዋወጡ ነጥቦች በእኛ ከብቶች ላይለዋወጡ ይችላሉ፤ የእኛዎቹ የሚለያዩባቸው ነጥቦች ደግሞ በሰሌዳው ላይ የሉም። ውጤቱም የአገራችን ከብቶች ከእውነተኛው ይልቅ ወጥ መስለው መታየታቸው ነው። በሰው ልክ በተሠራ ጫማ እግራችንን ለክተን «እግሬ አነሰ» እንደ ማለት ይቆጠራል። የሙሉ ጂኖም ንባብ ሲመጣ ነገሩ ተገለጠ፤ በ2020 የታተመ ከ16 ዝርያዎች የተውጣጡ 172 የአፍሪቃ ከብቶችን ያካተተ ጥናት፣ ብዙዎቹ የአፍሪቃ ባለ ሻኛ ከብቶች ከ750 እስከ 1,050 ዓመት በፊት ከተፈጸመ ትልቅ መዳቀል የተገኙ መሆናቸውንና ከፍ ያለ ልዩ ልዩነት እንዳላቸው አሳይቷል። ያ ጽሑፍ በጋራው መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለእኛም ክፍት ነው።

ክፍት ነው ስል ግን እንደ መሐንዲስ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። አንድ ከብት እንደ ልማዱ 30 ጊዜ ተደጋግሞ ቢነበብ 81 ቢሊዮን ፊደል ይወጣል። ይህ ተጨምቆ ሲቀመጥ 60 ጊጋባይት ያህል ነው እንበል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንዱን ከብት ለማውረድ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 172 ከብት ለማውረድ ደግሞ ሌትና ቀን ሳይቋረጥ 95 ቀን ያስፈልጋል። መብራት ሳይጠፋ፣ መስመሩም ሳይቆረጥ፣ በዚያው መስመር ሌላ ሰው ሳይሠራበት ማለቴ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ መስመሩ ተቋርጦ ከመጀመሪያው የጀመረ ተማሪ ምን እንደሚሰማው እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ትነግሩኛላችሁ። ስለዚህ «ለሁሉም ክፍት» የሚለው ቃል ሰፊ በር ላለውና ጠባብ በር ላለው እኩል አይሠራም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። አንደኛው ሙሉውን ጽሑፍ ትቶ ልዩነቱን ብቻ የያዘውን አነስተኛ ሰነድ ማውረድ ነው፤ ለብዙ ጥያቄ ይበቃል። ሁለተኛው አንድ ተቋም አንድ ጊዜ አውርዶ ለሌሎቹ በአገር ውስጥ መስመር እንዲያካፍል ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ አትሳቁብኝ፣ ሃርድ ዲስክ በሻንጣ ይዞ በአውቶቡስ መሄድ ነው፤ 172 ከብት በአንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ ጎንደር ይገባል። ከተላከም በኋላ ሰነዱ ሳይበላሽ መድረሱን ከመዝገቡ ጋር በሚሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ማመሳከር ይገባል። ይህን የማያደርግ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ሳላደርግ ቀርቼ አንድ ሳምንት ከስሬአለሁ።

መዝገብ ቋሚ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በ2011 የአሜሪካው ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል በበጀት ማነስ ምክንያት የጥሬ ንባብ መዝገቡን ሊዘጋ መሆኑን አስታውቆ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር፤ በኋላ ግን ውሳኔው ተለውጦ መዝገቡ ቀጠለ። በ2017 ደግሞ ያው ማዕከል የፊደል ልዩነቶችን የሚይዘውን መዝገቡን ለሰው ብቻ ወስኖ የእንስሳትንና የዕፀዋትን መቀበል አቆመ። በአውሮፓ ያለው ተመሳሳይ መዝገብ ባይረከበው ኖሮ የከብት፣ የበግና የዶሮ ልዩነቶች ቁጥር የሚሰጣቸው ባጡ ነበር። ርክክቡ በመልካም ሁኔታ ተፈጸመ፤ ሆኖም በዚያ ውሳኔ ላይ እኛን የጠየቀን አልነበረም፤ ሊጠይቀንም ግዴታ አልነበረበትም። የሌላ ሰው ጎተራ ውስጥ እህል ያስቀመጠ ሰው ጎተራው ሲታደስም ሲፈርስም ወሬውን የሚሰማው ከሰው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ነው። አሁን ስለ ራሳችን፣ ይልቁንም ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የከብት ናሙናዎችን መዝገብ እንድሠራ ተመደብሁ። ከጥቂት ወረዳዎች ከአራት መቶ በላይ ናሙና ከጆሮ ጫፍ ተቆርጦ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ከብት የመስክ ሠራተኞች በእጅ የሞሉት ቅጽ አለ፤ ቅጹ በአማርኛ ነው። ይህን ከተማ ያሉ ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ወደ ኤክሴል አስገቡት፤ እኔ ደግሞ ያንን የሚቀበል መዝገብ ሠራሁ። መዝገቡ ያማረ ነበር፤ የተመረቀ ዕለትም ተጨብጭቦልኛል።

አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ወጣት ተመራማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ከአንዱ ወረዳ የመጡት ከብቶች ዕድገታቸው እጅግ የዘገየ ሆኖ አግኝቶታል። የአሥር ዓመት ኮርማ የሁለት ዓመት ያህል ብቻ ይመዝናል። ለዚህ ምክንያት የሚሆን ጂን ሲፈልግ ሁለት ወር ደክሟል፤ አንድ ሁለት ተስፋ የሚሰጡ ነጥቦችም አግኝቷል። «ለየት ያለ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ ጽሑፉንም ሊልክ ተዘጋጅቷል። እኔን የፈለገኝ ለሌላ ነገር ነበር። በመዝገቡ ውስጥ የትውልድ ቀናቸው ያልተሞላ ሰባት ከብቶች ስላሉ ምክንያቱን እንድነግረው ነው። ወደ ጸሐፊዎቹ ኤክሴል ተመልሼ ብመለከት በእነዚያ ሰባት ረድፎች ወሩ «13» ተብሎ ተጽፏል፤ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ «አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ብሎ ጥሎአቸዋል። ጳጉሜን የተወለዱ ጥጆች ነበሩ።

ያን ጊዜ ላብ አጠመቀኝ። በመስክ ቅጹን ይሞሉ ለነበሩት፣ አሁን በጡረታ ለተቀመጡት ባለሙያ ስልክ ደወልሁ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ እንዲህ የሚባለው ኮርማ አሥር ዓመቱ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ቅጹን ከልባቸው ያነበቡ ያህል፣ «የምን ኮርማ? እኔ የጻፍሁት ወይፈን ብዬ ነው፤ አሥር ዓመት የሞላው ወይፈን የት አየህ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትውልዱ ዓመት ገበሬው እንደነገራቸው በእኛ አቆጣጠር 2009 ተብሎ ተጽፏል። ናሙናው የተወሰደበት ቀን ግን ከላቦራቶሪው ማሸጊያ ላይ ስለ ተገለበጠ በጎርጎርዮስ 2019 ሆኗል። መዝገቡ አንዱን ከአንዱ ሲቀንስ አሥር ዓመት አገኘ፤ እንስሳው ግን ገና ሁለት ዓመት ካለፈው ብዙ አልሆነም። «ወይፈን» የሚለውን ቃል ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ኮርማ በሚለው ቃል ተካው፤ በአንድ ቃል ውስጥ የነበረው ዕድሜ በዚያው ጠፋ። ጥጃ፣ ወይፈን፣ ጊደር፣ ኮርማ፣ በሬ የሚሉት ቃላት ጾታንም ዕድሜንም መኮላሸት አለመኮላሸትንም ይነግሩናል፤ ገበሬው በቃሉ ሲናገር ሦስት ዓምድ ሞልቶልን ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ጠንቃቃው የመስክ ሠራተኛ በማሳሰቢያው ዓምድ «ወይፈን፣ ጥርሱን አልጣለም» ብለው መጻፋቸውና አንድ ጸሐፊ ቃሉን እንዳለ በአማርኛ ማስገባቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። እኔ ግን መዝገቡን ስሠራ የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል አድርጌ ስለ ነበር፣ ያ ማሳሰቢያ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ዓመት ሙሉ መዝገቡ ሲጠይቀን ኖሮ የመለሰለት አልነበረም።

ወጣቱ ጽሑፉን ሳይልክ ቀረ። እንዴት እንደ ተሰማው ለመናገር አልችልም፤ ሁለት ወር ሙሉ ያልነበረ ዝርያ ሲፈልግ ነበረ። መረጃው ግን ቀድሞ ወደ ዓለም አቀፉ መዝገብ ተልኮ ነበር። እርማት ልከን ተተካ፤ ከዚያ በፊት ያወረደው ሰው ዘንድ ያለውን ግን ማን ይሰበስበዋል?

ይህን ስንመረምር ሌሎችም ወጡ። የጧት አለባ በ12 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው እኩለ ቀን ተብሎ ገብቷል። በዝርያው ዓምድ አንዱ በጌት፣ ሌላው ባርካ ይላል፤ በጌት የሚለውም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ ኮምፒዩተሩ አራት ዝርያ አድርጎ ቆጥሮታል። ለዚህ ለመጨረሻው መፍትሔ መጥቷል። ከምግብና የእርሻ ድርጅት የዝርያ መዝገብ ጋር በማገናኘት ለእያንዳንዱ ዝርያ የማይለወጥ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገበ ቃላት በቅርብ ዓመታት ተዘጋጅቷል፤ ስሙን እንደ ፈለግን ብንጽፈው ቁጥሩ አንድ ይሆናል። ለሚቀጥለው ናሙና ሰብሳቢ ይህን ቁጥር መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አላባክንም ነበር። ነገር ግን እነዚህ ዓምዶች ከፊደሉ ያላነሰ ዋጋ እያገኙ ነው። በ2010 በናጎያ የጸደቀውና በ2014 በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት፣ ከእርሱም በፊት በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482፣ ከአገር የሚወጣ የዘር ሀብት በፈቃድ እንዲወጣና ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ያዛሉ። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ደም በአየር ማረፊያ ሊያዝ ይችላል፤ አራቱ ፊደላት ግን አንድ ጊዜ መዝገብ ከገቡ ፓስፖርት አይጠየቁም። ስለ ጤፍ የባለቤትነት መብት በኔዘርላንድ የተደረገውን ረዥም ክርክር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ አደረገው እንጂ ብዙ ዓመት ወስዷል። በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የተሰበሰቡት አገሮች ስለ ዲጂታል የዘር ጽሑፍ ጥቅም መካፈያ ሥርዐት እንዲቋቋም ተስማሙ። በኅዳር 2024 በኮሎምቢያ በካሊ ከተማ ዝርዝሩ ተወሰነ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የካሊ ፈንድ የተባለው ሣጥን በሮም ተከፈተ። ከዘር ጽሑፍ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ከተሰበሰበውም ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ይጠበቃል። መዋጮው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ሣጥኑ ምን ያህል እንደሚሞላ ጊዜ ያሳየናል፤ እኔ በበኩሌ ብዙ አልጠብቅም።

አንዳንድ ባልደረቦች «እንግዲያውስ መረጃችንን እንዝጋ፣ ለማንም አናሳይ» ይላሉ። ስጋታቸውን እረዳለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። የተዘጋ መዝገብ በሳጥን እንደ ተቆለፈ የዘር እህል ነው፤ ነቀዝ ሲበላው እንኳ የሚያውቅ የለም። ደግሞም ማመሳከሪያው የእኛን ከብት እንዲጨምር የምንፈልግ ከሆነ ጽሑፋችን እዚያው መገኘት አለበት። ይልቅ የሚያዋጣን ከእኛ የወጣ እያንዳንዱ ገቢ አገሩን፣ ወረዳውን፣ ዝርያውን፣ የተሰበሰበበትን ቀንና የፈቃዱን ቁጥር ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሦስቱ የጋራ መዝገቦች ከ2023 ጀምሮ አገሩንና ቀኑን እንዲጻፍ ግዴታ አድርገዋል። አገሩ ያልተጻፈበት ናሙና ነገ ጥቅም ቢያስገኝ የማን ነው ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ቀኑ በስምንት ዓመት የተዛባበት ደግሞ ከፈቃዱ ቀን በፊት የተወሰደ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህን የሕግ ሰው ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ሌላው ጉዳይ የዝርያዎቹ መዝገብ ራሱ ነው። በዚያ ያለውን የኢትዮጵያን ገጽ የሚሞላልን የውጭ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ አገር በሰየመው አስተባባሪ አማካይነት ራሱ ይሞላዋል። አንድ ዝርያ ስንት ራስ እንዳለው በአሥር ዓመት ውስጥ ካልተነገረ ሁኔታው «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፋል። በዓለም ካሉት ዝርያዎች ከግማሽ በላይ ዛሬ በዚህ ቃል ተጽፈዋል። በደቡብ ምዕራብ ያለው፣ ፄፄ ዝንብ ባለበት አገር ገንዲን ተቋቁሞ የሚኖረው የሸኮ ከብት ከሌሎች ጋር እየተዳቀለ መመናመኑ ከተነገረ ቆይቷል። በጣና ዙሪያ የግጦሽ ሜዳው ለሩዝ እርሻ ሲውል የፎገራ ከብትም እንዲሁ፤ ለዚህም ነው በአንዳሳ መንጋው ተለይቶ የሚጠበቀው። እነዚህ ዝርያዎች እየቀነሱ ሳለ በመዝገብ «አይታወቅም» ተብለው ቢቀመጡ፣ ለጥበቃቸው ገንዘብ የሚመድብ ሰው ከየት ይነሣል? ቁጥሩን የሚያውቁት በዚህ አዳራሽ ያሉት፣ በየወረዳው የሚሠሩት ባልደረቦቻችን ናቸው። አስተባባሪው ከቢሮው ሆኖ ሊቆጥር አይችልም።

ስለዚህ ከማኅበራችን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። የመስክ ቅጹ በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ይኑረው፤ ወሩ 13 ቢሆን የሚቀበል ይሁን። የከብቱ ጠሪያ ገበሬው በሚጠራበት ቃል፣ በራሱ ቋንቋና ፊደል ይጻፍ፤ ትርጉሙ በሌላ ዓምድ ይሁን እንጂ በዋናው ላይ አይጻፍ። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛም ላሞችን በዕድሜና በመልክ የሚለዩ ቃላት ከአማርኛው ቢበዙ እንጂ አያንሱም። የወረቀቱ ቅጽ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባም በኋላ አይጣል፤ ፎቶግራፉ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። ከአገር ለሚወጣው መረጃ ሁሉ አንድ ቅጂ በአገር ውስጥ ቢያንስ በሁለት ከተሞች ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገቡን የሚጠብቅ ሰው በስሙ ይመደብ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙ አብሮ የሚያልቅ ሰው መዝገብ ሊጠብቅ አይችልም። ይህን የምለው ለራሴ ወንበር ስፈልግ እንዳይመስላችሁ፤ ለዚህ ሥራ ከእኔ ይልቅ እነዚያ በጡረታ ያሉት ባለሙያ ይሻላሉ።

ስለ አራት መቶዎቹ ከብቶች ለምትጠይቁ፤ የወረቀቱ ቅጾች በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝተዋል። እኔና ጋሼ አንድ ክረምት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እሳቸው እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍሁ አብዛኛውን አርመናል። ጣሪያው ያፈሰሰበት በኩል የነበሩት ሠላሳ አንድ ቅጾች ግን ቀለማቸው ስለ ታጠበ ሊነበቡ አልቻሉም፤ የእነዚያ ከብቶች የዕድሜ ዓምድ ባዶ ነው። ጳጉሜን የተወለዱት ሰባቱ ተገኝተዋል።

የአዲሱ ቅጽ ረቂቅ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንዳንድ ቅጂ ወስዳችሁ በየአካባቢያችሁ የሚጠራውን የከብት ስም በጀርባው ጽፋችሁ እንድትልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።